8 ዓመት አብረን ኖረናል፤ ሰማንያ ግን የለንም

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከልጄ አባት ጋር አንድ ቤት መኖር ከጀመርን 8 ዓመት ሆነን። ሽማግሌ አልተላከ፣ ሰርግ አልተደገሰ፤ እንዲሁ ዕቃዬን ይዤ ገባሁ። የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። የዛሬ 3 ዓመት ኮንዶሚኒየም ከሰው ገዛን። ካርታው በእሱ ስም ነው። እኔ ከጸጉር ቤቴ ያጠራቀምኩትንና የወጣልኝን ዕቁብ በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ አንድ ደረሰኝ የለኝም። ክፉ ሰው አይደለም። እንጋባ ስለው ግን «እኔና አንቺን ያኖረን ወረቀት ነው እንዴ?» ይለኛል። በቅርቡ ለቅሶ ቤት እህቱ ከሰዎች ጋር ስታስተዋውቀኝ «የወንድሜ ልጅ እናት ናት» አለች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጓደኞቼም «ሰማንያ ከሌለሽ ነገ ውጪ ቢልሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ነው የምትወጪው» ይሉኛል። እውነት ሕግ አያውቀኝም?

መልስ

እህቴ፣ ያውቅሻል። ጓደኞችሽ የነገሩሽ የድሮውን ነው።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ ያውቅ ነበር። ንብረት ላይ ሲደርስ ግን በመካከላቸው የጋራ የሚባል ነገር የለም ይል ነበር። በእሱ ስም ያለው የእሱ፣ በእሷ ስም ያለው የእሷ። ቤቱም መኪናውም ብዙ ጊዜ በወንዱ ስም ስለሚወጣ፣ ሲለያዩ ባዶ እጇን የምትወጣው ማን እንደሆነች መገመት አያቅትም። የጓደኞችሽ ፍርሃት የመጣው ከዚያ ነው፤ እናቶቻቸው ያዩትን ነው የሚነግሩሽ።

ይህ በ1992 ተለውጧል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩበትን ሁኔታ አንቀጽ 98 ላይ በስሙ ጠርቶ ያስቀምጠዋል። አንቀጽ 102 ደግሞ እንዲህ ያለው ኑሮ ከ3 ዓመት ያላነሰ ከቆየ ስለ ተጋቢዎች የጋራ ንብረት የተጻፈው ለእነሱም ይሠራል ይላል። የተለየ ስምምነት ካላደረጉ በቀር ማለት ነው። እናንተ 8 ዓመት ኖራችኋል። ቤቱ የተገዛው 5ኛው ዓመት ላይ ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ የማን ስም አለ የሚለው ነገሩን አይጨርሰውም። በዚሁ ሕግ፣ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል።

(ክልል ላይ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የእናንተን ክልል ሕግ ጠይቁ። ሌላም ነገር አለ። ሽማግሌ ተልኮ፣ በባህላችሁ ወይም በሃይማኖታችሁ ሥርዓት ተጋብታችሁ ሳታስመዘግቡ የቀራችሁ ካላችሁ፣ የእናንተ ነገር ትዳር ነው። ሕጉ ሦስቱንም፣ የክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት እና በባህል የተፈጸመውን ጋብቻ እኩል ያያል። የጎደላችሁ ምዝገባው ነው፤ እሱን አሟሉ።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ የከበደኝ «አንድ ደረሰኝ የለኝም» ያልሽው ቦታ ነው። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ። ዕቁቡን በእጁ ሰጠሁት፣ ማን ያየኛል ብለው ጉዳዩን ገና ሳይጀምሩ ይተዉታል። አንዳንዷ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የባንክ ወረቀት ስታሳድድ ትከርማለች። ፍርድ ቤት ግን መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ስንት ብር እንዳዋጣሽ አይደለም። እንደ ባልና ሚስት ኖራችኋል ወይ፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለውን ነው። ይህ ከተረጋገጠ፣ አብራችሁ ስትኖሩ ያፈራችሁት ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ብቻዬን ነው የገዛሁት የሚል ካለ ማስረጃ አምጣ የሚባለው እሱ ነው። ቤት ውስጥ ልጅ ስታሳድግ የኖረች፣ አምስት ሳንቲም ይዛ ያልገባች ሴት እንኳ በዚህ ሕግ ድርሻ አላት። ስለዚህ ጉልበትሽን የምታሳርፊበትን ቦታ ቀይሪ። አብራችሁ መኖራችሁን የሚያሳይ ነገር ነው መሰብሰብ ያለብሽ።

እሱ ደግሞ የትም አይጠፋም። ለምሳሌ ዕድራችሁን አስቢ። መዝገቡ ላይ የእሱ ስም አባል ተብሎ ሲጻፍ ከጎኑ የባለቤት ስም የሚሞላበት ቦታ አለ። እዚያ የተጻፈችው አንቺ ነሽ? ከሆንሽ፣ ጸሐፊው በእጁ የጻፈው፣ ዓመተ ምሕረት ያለው፣ ጠብ ሳይኖር የተሞላ ማስረጃ አለሽ ማለት ነው። አንቺ ለክስ ብለሽ ያዘጋጀሽው ነው የሚል ሰው አይኖርም። የልጅሽ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ድሮ ተከራይታችሁ የኖራችሁበት ቤት ውል፣ ወረዳ የሞላችሁት የቤተሰብ ቅጽ፣ ልጅሽ ትምህርት ቤት ስትመዘገብ ሁለታችሁ የፈረማችሁበት፣ ሐኪም ቤት ስትወልጂ እሱ የፈረመው፣ ሁሉም ይጠቅማል። ከሁሉም በላይ ሰው። ደረጃ ላይ በየቀኑ የምታገኛችሁ ጎረቤት፣ የድሮ አከራያችሁ፣ የእሱ የሥራ ጓደኛ። ምስክር የሚሆኑት ቀረብ ብለው ኑሯችሁን ያዩ ሰዎች ናቸው።

የእህቱ ነገር ስላመመሽ እሱን ልንገርሽ። «የወንድሜ ልጅ እናት» ማለቷ መብትሽን አይነካም። ሕጉ እንዲህ ያለ ኑሮ አለ ለማለት፣ ሁለቱ ሰዎች ለሌላ ሰው ተጋብተናል እያሉ መናገር አለባቸው አይልም። የሚያየው አኗኗራችሁ የባልና ሚስት መምሰሉን ነው። አንድ ማዕድ፣ አንድ ቤት፣ የጋራ ወጪ፣ የጋራ ልጅ። በሌላ በኩል ደግሞ ፍቅረኛሞች ስለሆኑ ብቻ፣ ቅዳሜና እሁድ እሱ ቤት ስለምታድር ብቻ ይህ መብት አይገኝም። ግንኙነቱ ሰፈር ያወቀው ቢሆን እንኳ ብቻውን በቂ አይደለም። ይህን የምጽፈው ላንቺ ሳይሆን ተመሳሳይ ጥያቄ ለሚልኩልን ወጣቶች ነው።

ስለ ልጅሽ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም እዚያ ሥጋት የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው ይላል። በቤተሰብ ሕጉም አባትነት ከጋብቻ ብቻ ሳይሆን ከእንዲህ ዓይነቱ አብሮ መኖርም ይመነጫል። የልደት ወረቀቷ ከሌለሽ ብቻ ዛሬውኑ አውጪ። መመዝገብ የነበረባት በተወለደች በ90 ቀን ውስጥ ነበር፤ ቢዘገይም ይመዘገባል።

እዚህ ላይ እውነቱን በሁለቱም በኩል ልንገርሽ። ጸጉር ቤትሽም የጋራ ነው። ካስኩ፣ ወንበሩ፣ መስተዋቱ፣ ከዚያ የሚገባው ገንዘብ፣ አብራችሁ ስትኖሩ የመጣ ከሆነ እሱም ግማሽ አለው። ለቤታችሁ ተብሎ የተበደራችሁት ዕዳም እንደዚያው። እናቱ ያወረሱት ነገር ካለ ግን የግሉ ነው፤ አንቺም ከእሱ በፊት የነበረሽ ወይም በስጦታ ያገኘሽው የግልሽ ነው። የሕጉን ጥቅም ስንጠይቅ ሌላውንም አብረን መቀበል አለብን።

ሕጉ የማይሰጥሽም አለ። በጋብቻ ያለች ሴት ባሏ ሊለያት ቢፈልግ ፍርድ ቤት ሄዶ ፍቺ ማስወሰን አለበት። አንቺ ግን ይህ ከለላ የለሽም። እሱም ሆነ አንቺ በፈለጋችሁ ቀን ትታችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ንብረቱ ይካፈላል እንጂ ለምን ሄድክ የሚል ዳኛ የለም። ሌላው ደግሞ ውርስ ነው። ብዙ ሰው ሲሰማ የሚደነግጥበት ነገር ይህ ነው። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ በሰማንያ የተጋባች ሚስት እንኳ የባሏ ወራሽ አይደለችም። ከጋራው ንብረት ግማሹን የምትወስደው የራሷ ስለሆነ ነው። የእሱ ግማሽ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። ስለዚህ እሱ አንድ ነገር ቢሆን፣ ሌላ ልጅ ከሌለው፣ የእሱን ድርሻ የምትወርሰው ልጃችሁ ናት። ልጅ እያለ ወላጆቹም እህቱም አይወርሱም። የአንቺን ግማሽ ግን ለማግኘት በሐዘን መካከል አብራችሁ መኖራችሁን ማስረዳት ይጠበቅብሻል። ያን ጊዜ ዛሬ የሚስቁልሽ ዘመዶች ምን እንደሚሉ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ግልጽ ነው። መብቱ አለሽ ብዬ አርፈሽ ተቀመጪ አልልሽም። የጎደለሽ መብት አይደለም፤ ማረጋገጫ ነው። ማረጋገጫ ደግሞ የሚሠራው ሰላም እያለ፣ አብራችሁ እራት እየበላችሁ ነው። ከተጣላችሁ በኋላ ጎረቤቱም «እኔ ሰው ቤት ምን ያስገባኛል» ይላል፤ የእሱ ጓደኛም ወደ ጓደኛው ያደላል።

ከሁሉ የሚሻለው መጋባት ነው። ድግስ አያስፈልገውም። ወረዳ የክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ እሱ ሁለት ምስክር፣ አንቺ ሁለት ምስክር ይዛችሁ ቀርባችሁ መፈራረም ነው። የድግሱ ወጪ አስፈርቶት ከሆነ ይህን ንገሪው። ብዙ ወንድ «ወረቀት ምን ያደርጋል» ሲል በልቡ የሚያስበው ድንኳኑንና የሚጠራውን ሕዝብ ነው።

ግን ስትጋቡ አንድ ነገር እንዳትረሺ፤ ይህን ሰው ሳያስበው ነው የሚያልፈው። የጋብቻ ወረቀታችሁ ላይ የሚጻፈው ቀን የዘንድሮ ነው። ቤቱ የተገዛው የዛሬ 3 ዓመት ነው። አንድ ቀን አለመግባባት ቢመጣ «ቤቱ ከጋብቻ በፊት የነበረኝ የግሌ ነው» የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። አንቺ ያኔ ተመልሰሽ የ8 ዓመቱን ኑሮ ልታስረጂ ነው። ስለዚህ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ የጋብቻ ውል አድርጉ። ከመቼ ጀምሮ አብራችሁ እንደምትኖሩ፣ ቤቱም ጸጉር ቤቱም የጋራ እንደሆነ ይጻፍበት። ሕጉ ተጋቢዎች ስለ ንብረታቸው እንዲህ ያለ ውል እንዲያደርጉ ይፈቅዳል።

ለጊዜው መጋባት አልፈልግም ካለስ? ያኔም መንገድ አለ። የቤቱን ካርታ በሁለታችሁ ስም እንዲዛወር ጠይቂው። እሱም ከከበደው ሁለታችሁ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አብራችሁ እንደምትኖሩና ቤቱ የጋራ እንደሆነ የሚገልጽ ስምምነት ፈርሙ። ኑዛዜም ጻፉ፤ እሱ ላንቺ፣ አንቺም ለእሱ። ኑዛዜ በአራት ምስክር ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ወይም ሰውየው ሙሉውን በራሱ እጅ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀን አስፍሮ ይፈርማል። በኮምፒውተር ተጽፎ ፊርማ ብቻ የተደረገበት፣ ምስክር የሌለው ወረቀት ግን ዋጋ የለውም። ስንት ቤተሰብ በዚህ ተጣልቷል።

እንዴት ልንገረው ትይ ይሆናል። በጓደኞችሽ ቃል አትጀምሪ። «እንዳታስወጣኝ ፈርቼ ነው» ካልሽው ልቡ ይቆስላል፤ ክፉ ሰው አይደለም ብለሽኛልና። ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ ስልኩን ሲያስቀምጥ፣ በእርጋታ እንዲህ በይው፦ «አንተ አንድ ነገር ብትሆን፣ እኔ በዚያ ሐዘን ላይ ሚስቱ ነበርኩ እያልኩ ምስክር ልጠራ አልፈልግም። እኔ አንድ ነገር ብሆንም ያንተን ድርሻ ከጸጉር ቤቱ እንዲክዱህ አልፈልግም።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዪው። ለሁለታችሁ እያሰብሽ መሆኑን የሚያይበት እሱ ነው። የለቅሶ ቤቱንም ነገር ንገሪው። እህቱን ሳትከሺ፣ እንዴት እንዳመመሽ ብቻ። ምናልባት ሳያውቀው ሊሆን ይችላል።

«ያኖረን ወረቀት አይደለም» ካለሽ ልክ ነው፣ እሺ በይው። ግን ለቤቱ ካርታ ስታወጣ ወረቀት ያስፈልጋል ብለህ ነው፤ ለእኔና ለልጅህም እንደዚያው አስብ በይው። አሁንም እንቢ ካለ፣ እሱ የሚያከብረውን አንድ ሰው ምረጪ። ታላቅ ወንድሙ ወይም የንስሐ አባቱ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ይበቃል፤ ሰፈር አታሰባስቢ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን ነቅተሽ አንብቢ። ጊዜ ሰጥተሽው፣ ሰው ልከሽ፣ በሁሉም እንቢ ካለና ቤቱን ሊሸጥ እንደሆነ ከሰማሽ፣ አትጠብቂ። የጋብቻ መዝገብ ላይ ስማችሁ ስለሌለ ያላገባ ማስረጃ ከወረዳ ማውጣት ይችላል። ያን ይዞ ውልና ማስረጃ ከቀረበ፣ ሻጩ ብቻውን ስለሆነ ያንቺን ፊርማ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። በጋብቻ ቢሆን ኖሮ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም ነበር። ቤቱ የጋራ መሆኑን ሳያውቅ በቅን ልቦና ለገዛ ሰው ከተላለፈ በኋላ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው፤ የሚቀርሽ ከገንዘቡ ድርሻዬን ስጠኝ ማለት ነው፣ ገንዘቡ ካለ። ስለዚህ ቀድመሽ ፍርድ ቤት አቤቱታ አቅርበሽ ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ እግድ ማስወጣት አለብሽ። እግዱ ካርታውን ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤትና ወደ ውልና ማስረጃ ይላክልሽ። ይህ ጠብ መፈለግ አይደለም። የልጅሽን ጣራ መጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በዝግታ አጣሪ። ከአንቺ በፊት የተጋባትና በፍርድ ቤት ያልተፋታት ሴት አለች? ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። ያቺ ሴትም የንብረት ጥያቄ ሊኖራት ይችላል፤ አዲስ ጋብቻም ያ ሳይፈታ አይፈጸምም። «መጋባት አልፈልግም» የሚል ሰው አንዳንዴ ምክንያቱ ይህ ይሆናል። ካለ፣ የፍቺውን ጉዳይ መጨረስ የመጀመሪያ ሥራችሁ ይሁን።

የጠበቃ ገንዘብ የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ ይህ የቤተሰብ ሕግ እንዲሻሻልም ብዙ የደከመ ማኅበር ነው። ስትሄጂ የልጅሽን የልደት ወረቀት፣ የዕድሩን መዝገብ ፎቶ፣ የካርታውን ኮፒ እና ኑሯችሁን የሚያውቁ የሦስት አራት ሰዎች ስምና ስልክ ይዘሽ ሂጂ። የካርታው ኮፒ በእጅሽ ከሌለ፣ ዛሬ ማታ ከመሳቢያው አውጥተሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጊ።